ያው ኪኒን፣ ሦስት ዋጋ

ትናንት ከምሳ በኋላ አቶ ሙላቴ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ሸለብ አደረጋቸውና ሕልም አዩ። አቶ ሙላቴ ደሴ የሚኖሩ ጡረተኛ የመሬት ቀያሽ ናቸው፤ በየቀኑ አንድ የልብ ኪኒን ይውጣሉ። የጡረተኞች ማኅበሩ ሦስት የመድኃኒት መድን ዕቅዶች አምጥቶ «እስከ ዛሬ ማታ አንዱን ምረጡ» ብሏቸዋል። ያው የሳቸው የወር ኪኒን በቀዩ ዕቅድ አራት መቶ፣ በሰማያዊው ስድስት መቶ፣ በአረንጓዴው ዘጠኝ መቶ ብር ነው። ለምን ብለው ቢጠይቁ የሚመልስላቸው አጡ። ወረቀቶቹን ጭናቸው ላይ እንደዘረጉ ነው እንቅልፍ የወሰዳቸው።

በሕልማቸው ፋርማሲ ውስጥ ነበሩ፤ የተቀመጡት ግን ከመስኮቱ ወዲያ፣ በሻጩ ወንበር ላይ ነው። ነጭ ጋውን የለበሱ ፋርማሲስቶች ውጭ ፀሐይ ላይ ተሰልፈው፣ እያንዳንዳቸው ብልቃጥ ታቅፈዋል። አንዲት ጥቁር ዶሮ በሰልፉ መሃል እየተመላለሰች መታወቂያ ታያለች።

«ተረኛ!» አሉ አቶ ሙላቴ።

አንድ ወፍራም ፋርማሲስት ጎንበስ ብሎ ብልቃጡን አቀረበ። «ጋሼ፣ እባክዎ ይቺን የልብ ኪኒን ይውሰዱልኝ። ስንት ልክፈልዎት?»

«በየትኛው ዕቅድ ነህ?»

«በአረንጓዴው።»

«ዘጠኝ መቶ።»

«ኧረ ጋሼ! ከፊቴ የነበረው አራት መቶ ከፍሎ አይደል እንዴ የሄደው? ኪኒኑ እኮ ያው ነው!»

«እሱ በግራ እግሩ ነው የገባው» አለች ዶሮዋ።

አቶ ሙላቴ አዘኑለት። ከአፋቸው የወጣው ግን «ሲስተሙ ነው እንዲህ የሚለው፤ እኔ ምን ላድርግ?» የሚል ነበር። ሰውየው ማልቀስ ጀመረ። ደስ አላቸው፤ ደስ በማለታቸው ደግሞ ትንሽ አፈሩ።

ወዲያው ፋርማሲው መናኸሪያ ሆነ። ሦስቱ ዕቅዶች ሦስት ሚኒባሶች ሆነው ቆመዋል። ከረባት ያሰሩ ሥራ አስኪያጆች በር ላይ ተንጠልጥለው ይጣራሉ፦ «ልብ በአራት መቶ! ልብ፣ ልብ፣ ልብ! ሁለት ሰው የቀረው!»

«የት ነው የምትሄዱት?» አሉ አቶ ሙላቴ።

«ሁላችንም አንድ ቦታ ነን፤ የሚለያየው ታሪፉ ነው።»

ቀዩ ላይ ወጡ። ገና ከተማውን ሳይለቁ መኪናው ቆመ። «የእርስዎ ኪኒን መድኑ ከሚሸፍነው ዝርዝር ወጥቷል፤ ይውረዱ» አላቸው ሥራ አስኪያጁ።

«መሃል መንገድ ላይ?»

«ተነስ እንጂ!»

ትከሻቸውን የሚነቀንቁት ባለቤታቸው ወይዘሮ አትጠገብ ነበሩ። ጡረተኛ ነርስ ናቸው፤ መድናቸውም የጤና ሠራተኞች ማኅበር ነው።

«አልመረጥኩም እኮ፤ ሊመሽ ነው» አሉ አቶ ሙላቴ እየተደናገሩ።

«ተወው። በኔ መድን ያው ኪኒን ዘጠና ብር ነው» አሉና ሚስታቸው አንድ ፓኬት አቀበሏቸው። ላዩ ላይ የተጻፈው ስም አትጠገብ ይላል።

«አንቺን ደግሞ ምን ሆንሽ ብለው ሰጡሽ?»

«ሐኪሙን ልቤን ያመኛል አልኩት፤ ጻፈልኝ። ከዛሬ ጀምሮ ሕመምተኛዋ እኔ ነኝ፤ አንተ ጤነኛ ነህ።»

አቶ ሙላቴ ፓኬቱን አገላብጠው አዩት። «ሕመሙ ድንገት ቢነሳብኝስ?»

«ሰው ፊት ከሆንን ቀስ ብለህ ንካኝ» አሉ ወይዘሮ አትጠገብ። «ደረቴን ይዤ የምጮኸው እኔ ነኝ።»