ለዘንገና ጀርባቸውን የሰጡት ሰውዬ

ጋሽ ሽባባው ዘንገና ሐይቅን በዓይናቸው አይተውት አያውቁም ይባላል። ወሬውን ያመጣችው ጎረቤቴ ምሥራቅ ናት፤ ምሥራቅ ያወጣችውን ወሬ ደግሞ እንጅባራ ውስጥ የሚመልሰው የለም። ሰውዬው ሐይቁ ዳር በደረሱ ቁጥር ጀርባቸውን ሰጥተው ይቆማሉ። አንዳንዱ ስለት ነው ይላል፤ አንዳንዱ በልጅነታቸው ሐይቁ በስማቸው ጠርቷቸው ደንግጠው ነው ይላል። እኔም ወሬ በደጄ ሲያልፍ ባዶ እጁን የማልሸኝ ሰው ስለሆንኩ፣ የራሴን ትንሽ ጨምሬ አሳልፌዋለሁ።

ውሸት ነው። ጀርባ መስጠታቸው ግን እውነት ነው። ሐይቁን ትተው የሚያዩት የእንግዳውን ፊት ነው።

መቼም ተራራና ውሃ ያለው ከተማ ሁሉ፣ ተራራውን ያቆምኩት እኔ ነኝ የሚል አንድ ሰው አያጣም። አፍ አውጥቶ አይናገርም። «እንዴት ያምራል!» ስትሉት ግን አንገቱን ሰበር አድርጎ «ኧረ ምንም አይደል» ይላችኋል። የእኛው ክቡርነታቸው ጋሽ ሽባባው፣ የዘንገና ባለአደራ፣ የዶንዶር ፏፏቴ እንደራሴ፣ ሥራቸው ልብስ ስፌት ነው። እንግዳ መጣ ከተባለ የስፌት መኪናቸውን ጥለው ብድግ ነው። ሱቃቸው በር ላይ አንድ እግሩ ብቻ የተሰፋ ሱሪ ተሰቅሎ ካያችሁ፣ ከተማችን እንግዳ አለባት ማለት ነው። የእኔ ሱሪ ከጥምቀት ጀምሮ በአንድ እግሩ ቆሟል። ሌላ ሰፊ ጋ ውሰደው ይሉኛል፤ አልወስደውም።

እንግዳው የማን እንደሆነ ግድ አይሰጣቸውም። አንድ ጊዜ ወደ ጫግኒ የሚሄድ ሚኒባስ ጎማ ሲያስቀይር፣ ከተሳፋሪዎቹ አንዷን «ጎማው እስኪታሰር አንዴ ብቅ እንበል» ብለው ወሰዷት። ሚኒባሱ ጥሏት ሄደ። ሴትዮዋ ትከሳቸዋለች ብለን ስንጠብቅ፣ በሳምንቱ እህቷን ይዛ ተመለሰች።

ሕግም አላቸው። ሐይቁ ሊታይ ጥቂት ሲቀር ጋቢያቸውን አውልቀው እንግዳውን እስከ አገጩ ያከናንቡታል። እጁን ይዘው ዳር ያደርሱትና ይገልጡታል። «ሙሽራ በየመንገዱ እየተቆነጠረች አትታይም» ይላሉ።

«ታዲያ የሚከናነበው ሙሽራዋ ናት ወይስ አጃቢው?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ሐይቁን የሚያለብስ ጋቢ ከየት ላምጣልህ?»

ስልኩን ያወጣ እንግዳ «ቆይ፣ መጀመሪያ ዓይንህ ይብላ» ይባላል። አንድ የተማረ ሰው «ስዊዘርላንድን ይመስላል» ቢላቸው፣ «እሷ እኛን መምሰል የጀመረችው መቼ ነው?» ብለው በቅንነት ጠየቁት።

ባለፈው ነሐሴ ጓደኛዬ አብራር ከድሬዳዋ ሊጠይቀኝ መጣ። አብራር ክፉ ሰው አይደለም፤ ድሬ ስላደገ አፉ ላይ ያለው «አንተ» ብቻ ነው። አባቱም አንተ፣ ሼሁም አንተ። እኛ ዘንድ ደግሞ ሽማግሌን አንተ ማለት ከጥፊ የሚለየው ድምፅ ስለሌለው ብቻ ነው።

«አንተ ነህ ሽባባው?» አለ ገና እጃቸውን ሲጨብጥ። «አቦ፣ ብርዳችሁ ሰው ይበላል!»

በልብስ ሰፊዎቹ መስመር ያለ የስፌት መኪና ሁሉ ቀጥ አለ። ጋሽ ሽባባው ግን ፈገግ አሉ። «ግድ የለም፣ ሳያይ ነው» አሉ፣ ሁሉም እየሰማ። «ሲያይ ይስተካከላል።»

ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ነገሩ የአብራር ሽርሽር መሆኑ ቀርቶ የጋሽ ሽባባው ክብር ሆነ።

ጥርባ ሐይቅ ሄድን፤ ጉም። በማግስቱ ዶንዶር ሄድን። ፏፏቴው ከፊታችን እንደ ጭነት መኪና ያጓራል፤ እኛ የምናየው ነጭ ነገር ነው። «ቆይ፣ ይገለጣል» አሉ። ቆየን። «ቆይ፣ ይገለጣል።»

አብራር ጥርሱ እየተንገጫገጨ፣ «ሽባባው፣ አንተ ያለህ ጉም ብቻ ነው እንዴ? ለጉም ለጉም እኮ በስልክ ትነግረኝ ነበር» አለ።

ከተማ ስንመለስ ሰፊዎቹ ጠበቁን። «የድሬው ልጅ አየ ወይ?» ምሥራቅ ደግሞ ሐይቁ በመጨረሻ ተቀይሟቸዋል የሚል አዲስ ወሬ አሰናድታ ነበር። ጋሽ ሽባባው ሱሪዬን አንስተው መልሰው ሰቀሉት።

በሦስተኛው ቀን የቀረን ዘንገና ነው፤ አብራር ደግሞ ከሰዓት ሊሄድ ነው። ባጃጁ አስፋልቱ ዳር አወረደን። ጉሙ ከዛፎቹ ሥር ንቅንቅ አላለም። ጋሽ ሽባባው በአማርኛ ለመኑት፤ እንቢ ሲላቸው በአገውኛ ተቆጡት። ከዚያ አብራርን አከናነቡት።

«አቦ፣ እኔን ምን ትሸፍነኛለህ? ሐይቁ ራሱ ተሸፍኖ የለ እንዴ!» አለ ከጋቢው ውስጥ።

ዳር አድርሰው አቆሙት፤ ጀርባቸውን ለሐይቁ ሰጡ። ያለ ጋቢ፣ በስስ ሸሚዝ፣ ካፊያው ትከሻቸው ላይ። «አንተ እየው፤ ሲገለጥ ንገረኝ» አሉኝ።

መጀመሪያ የማዶው ጫካ ጫፍ እንደ ቅንድብ ወጣ። ከዚያ ጉሙ ከመሃል ተተረተረና ውሃው ብቅ አለ፤ ክብ፣ ጥቁር አረንጓዴ፣ ፀጥ ያለ፣ እኛ ሳንመጣም ሲያየን የኖረ የሚመስል። እዚሁ ተወልጄ ያደግኩ፣ በባጃጅ ሳልፍ ዞር ብዬ እንኳ የማላየው ሰውዬ፣ «አሁን» ማለቱን ረስቼ አንገቴን አሰገግኩ። ጋሽ ሽባባው ግን ፊቴን አይተው አወቁ። ጋቢውን ገፈፉት።

አብራር ስልኩን አላወጣም። እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «ሱብሃነላህ» አለ። ድምፁንም ዝቅ አድርጎ ወደ ሽማግሌው ዞረ።

«ጋሼ... እርስዎ ይሄን ሁልጊዜ ያዩታል?»

እርስዎ!

«ኧረ ምንም አይደል» አሉ ጋሽ ሽባባው።

ከዚያ ወደ ሐይቁ ዞሩ። ጋቢውን ራሳቸው ላይ ጣል አድርገው ዓይናቸውን ሸፈኑ፤ ገለጡ። እንደገና ሸፈኑ፤ ገለጡ። እኔ ለዘንገና ጀርባዬን ሰጥቼ ፊታቸውን ሳይ ነበር። አብራር ዓይኑን መልሶ ሐይቁ ላይ ተክሏል። ይሄኔ እንዲህ አሉ፦

«እኔንስ እንደ እንግዳ አከናንቦ የሚያመጣኝ ማን ይሆን?»