ማንንም የማይጎዳ ሙያ

ትምህርት አይስፋፋ የሚል ሰው በዕድሜዬ አልገጠመኝም። ከባላባቱ እስከ ግመል ነጂው «ትምህርት ብርሃን ነው» ይላል። ብርሃኑ የጎረቤቱን ልጅ እየመራ ወደ እሱ ሱቅ በር ያመጣው ዕለት ግን እፍ ብሎ ሊያጠፋው ይነሣል። ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም፤ ድሬዳዋ ውስጥ፣ ስሙ ይቆየንና በአንድ መሥሪያ ቤት የጽሕፈት መኪና ጸሐፊ ሳለሁ በዓይኔ ያየሁት ነው።

በጃንሆይ ፈቃድ ለከተማው የሙያ ትምህርት ቤት ሊከፈት ነው ተባለ። ከሁሉ በላይ የተደሰትኩት እኔ ነበርኩ፤ ለከተማው አስቤ እንዳይመስላችሁ። ቤቴ ውስጥ ጌታነህ የሚባል የሚስቴ ወንድም ነበረ። ሥራ እስኪያገኝ ብሎ ለአንድ ሰሞን መጥቶ፣ ከረመ፣ ባጀ። ምሳውን ይበላል፣ ፍራሹን ያነጥፋል፣ ጫቱን ታቅፎ ሲቅም ይውላል። እኔ ደክሞኝ ስገባ «ጋሼ፣ ዛሬ ሙቀቱ አልጎዳዎትም?» ይለኛል። ለእህቱ ለየሺ አንድ ቃል ብተነፍስ ወንድሜን ልታባርር ነው ብላ ዕንባዋን ታወርደዋለች። ብቻ ይህ ልጅ ቧንቧም ይሁን ግንብ፣ አንድ ሙያ ተምሮ ከቤቴ እንዲወጣልኝ ያልተሳልኩበት ታቦት አልነበረም።

ትምህርት ቤቱን የሚያቋቁመው ኮሚቴ የሚሰበሰብበት ቀን ደረሰ። የእኔው አለቃ የኮሚቴው ሊቀ መንበር ነበሩ፤ እኔ ጥግ ይዤ ቃለ ጉባኤ እጽፋለሁ። ከአዲስ አበባ የመጡት እንግዳ ነገር አላንዛዙም። አስተማሪም መሣሪያም ተዘጋጅቷል፣ ለመጀመሪያ ግን ለአንድ ሙያ ብቻ ነው፣ የቱ እንደሚበጃችሁ ዛሬውኑ ወስኑ፣ ካልተስማማችሁ ዕድሉን ይዤ ሐረር እወጣለሁ አሉ። መኪናቸው ግቢው ውስጥ ሞተሩ እንደተነሣ ቆሟል። ለድሬዳዋ ሰው ከዚህ የባሰ ማስፈራሪያ አለ? ዕቃው በባቡር የሚራገፈው እኛ ዘንድ፣ ሹመቱ ሐረር! አሁን ደግሞ ትምህርት ቤቱም የደንገጎን አቀበት ሊወጣ ነው?

ጣቶቼ የጽሕፈት መኪናው ላይ፣ ጆሮዬ ኮሚቴው ላይ፣ ልቤ ግን ቤት ባለው ፍራሽ ላይ ነበር።

አለቃዬ በእንጨት ሥራ ጀመሩ። ከአባላቱ አንዱ ግራዝማች ተሰማ ትልቅ የእንጨት ሥራ ቤት አላቸው። እንጨት ሥራ የተከበረ ሙያ መሆኑን መሰከሩና፣ የድሬ ምስጥ ሳንቃ ስለማያስተርፍ ልጆቹን በከንቱ ባናደክም አሉ። ወደ መኪና ጥገና ታለፈ። የጋራዥ ባለቤት የሆነው ግሪኩ ሙሴ ኮስታ፣ በጥቁር ሰሌዳ የተማረ መካኒክ ሰው ይገድላል ብሎ እጁን አወናጨፈ። ልብስ ስፌት ሲነሣ፣ መጋላ ገበያ ውስጥ ሰፊዎች በተርታ አስቀምጠው የሚያሠሩት ሐጂ ዩስፍ «ወላሂ አቦ፣ በዚህ ሙቀት ማን ልብስ ያበዛል?» አሉ። ይህን ሲሉ ሰደርያና ኮት ደርበዋል። ግንበኝነት ሲባል ደግሞ አለቃዬን ሳል ያዛቸው። የከተማውን ግንብ ሁሉ የሚያሠራው ታናሽ ወንድማቸው ነውና ሳሉ ምን ማለት እንደሆነ ያልገባው አልነበረም።

«እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል አለች አህያ» ይባላል። እነዚህ እንኳን ሊሞቱ፣ በደህና ቀናቸው ነው ሰርዶውን የነቀሉት።

ጫት የሚቃምበት የበርጫ ሰዓት አለፈ፤ የሁሉም ፊት ጠቆረ። የጣራው ማራገቢያ ቀጥ ብሎ ቆመ። ከግቢው ሾፌሩ ጥሩምባውን ነፋ፣ እንግዳውም ባርኔጣቸውን አንሥተው ተነሡ። ጌታነህ እቤቴ ሊሸብት ነው ብዬ ላብ አጠመቀኝ። «አንዱን ምረጡ እንጂ!» ብዬ ልጮህ ምንም አልቀረኝም። ግን ጸሐፊ የሌላውን ቃል ይጽፋል እንጂ የራሱ ቃል የለውም፤ ደንቡ ነው።

እንግዳው በሩ ላይ ዘወር አሉና፣ በዚህ ከተማ ማንንም የማይጎዳ ሙያ የለም ማለት ነው ወይ ብለው ጠየቁ። ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው ጥያቄያቸውን የሚጽፈው የእኔ መኪና ብቻ ነበር። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ።

ሐጂ ዩስፍ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። ግራዝማችም ዞሩ። ሙሴ ኮስታ ፈገግ አለ። ሐጂ በጣታቸው እያመለከቱ «ይሄስ? ይሄ ማንን ይጎዳል?» አሉ። ማንንም እንደማይጎዳ በአንድ ድምፅ ጸደቀ። የጽሕፈት መኪና ትምህርት ቤት!

እኔ ምን ተሰማኝ መሰላችሁ? ደስታ! ሐረር ቀረባት፣ ጌታነህ ሊወጣልኝ ነው። በሬ ሆይ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ። ውሳኔውን በገዛ እጄ አንዲት ስሕተት ሳላገባ ጻፍኩት።

ትምህርት ቤቱ ተከፈተ፣ ጌታነህም ገባ። ያ ፍራሽ ላይ የኖረ ልጅ ጣቶቹ ለካ እሳት ናቸው! እኔ በሁለት ጣት ፊደል ስለቅም የኖርኩበትን መኪና፣ እሱ በዐሥሩም፣ ያውም ሳያይ፣ ያንበለብለው ጀመር። አለቃዬ ይህን ሰምተው አስጠሩት፣ ፈተኑት፣ ተደነቁ። አንድ መኪናና አንድ ወንበር ብቻ ነበርና ወንበሩ ለባለ ዐሥር ጣቱ ሆነ። ያን ቀን የደቻቱን ወንዝ ደረቅ አሸዋ ሳቋርጥ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ስለቴ ግን ሰመረ። ጌታነህ ከቤቴ ወጥቶ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ጥላ ሥር ቤት ተከራየ። ፍራሹም ጦሙን አላደረም፤ እኔ ወረስኩት። የሺም ማልቀሱን ትታ ተራዋን ለታቦት ትሳላለች።

ባለፈው እሑድ ጌታነህ ሊጠይቀን መጥቶ፣ ኮሚቴው ሁለተኛ ሙያ ለመምረጥ ሊሰበሰብ መሆኑን አወራኝ። ቃለ ጉባኤውን የሚይዘው እሱ ነው። «ጋሼ፣ የቱ ሙያ ቢመረጥ ይሻልዎታል?» አለኝ በፍጹም አክብሮት።

የኮሚቴ አባልነት አልኩት። በዚህ ከተማ ማንም ተምሮ የማይቀማው ሙያ እሱ ብቻ ነው።