የአማቼ ትራክተር

ትልቅ ሰው በአሻንጉሊት አይጫወትም የሚላችሁ ሰው ካጋጠማችሁ ሁለት ነገር ጠርጥሩ፤ ወይ ይዋሻል፣ ወይ ገና አልተያዘም! እስቲ ዙሪያችሁን ተመልከቱ። አንዱ ማኅተም ይዞ ሲጫወት ይውላል። ሌላው ሦስት ስልክ በኪሱ አጭቆ ይዞራል፤ ሁለቱ ሲም ካርድ እንኳ የላቸውም። እኔ ደግሞ በአርባ ሦስት ዓመቴ፣ የሁለት ልጆች አባትና የሒሳብ መምህር ሆኜ፣ የፕላስቲክ ሰው አንገት እየነቀልሁ ሌላ አንገት እተክላለሁ። አትሳቁ! ገና ምኑ ተነካና…

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ ዓለሙ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሱዳን ድንበር አጠገብ ባለችው ኮኪት የትራክተር ኦፕሬተር ነበር። በዚያን ጊዜ በአካባቢው ቀይ ትራክተር አንዲት ብቻ ነበረች። ባለቤቷ አቶ ደምለው፣ ነጂዋ አባቴ። ሰባት ዓመት ሲሞላኝ አባቴ ድንበር ተሻግሮ ገዳሪፍ ደርሶ ሲመለስ አንድ ካርቶን አመጣልኝ። ውስጡ ቀይ የፕላስቲክ ትራክተር፣ ተጎታች፣ ዲስክ ማረሻ፣ ባርኔጣ የደፋ ኦፕሬተርና አራት የቀን ሠራተኞች አሉ። አባቴ አሻንጉሊቷን ሲያገላብጣት ቆየና በጋለ ምስማር የግራ መብራቷን ነቀለው። የሱ ትራክተር የግራ መብራት የላትማ! ግራር ላይ አላትሟት ነበር። “አሁን የኔን መሰለች” ብሎ ሰጠኝ።

እኔስ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ኦፕሬተሩን ዘራሁት። አዎ፣ ማሳ ውስጥ ቀበርሁት! ሰሊጥ ከአንዲት ፍሬ ያን ሁሉ ከሰጠ፣ ከአንድ ኦፕሬተር ስንት ኦፕሬተር ይበቅል ይሆን ብዬ። እስከ ዛሬ አልበቀለም። ትራክተሯን ከነተጎታቿ የክረምት ጎርፍ ወሰዳት። የቀን ሠራተኞቹም እንደ ቀን ሠራተኛ ሁሉ አንድ ቀን ሳይሰናበቱኝ ጠፉ።

የዛሬ ሁለት ዓመት ተኩል ገደማ አባቴ ሲያርፍ ቤቱን ብናገላብጥ ትራክተሯ ላይ ሆኖ የተነሣው አንድ ፎቶ እንኳ አጣን። ሃያ ዓመት ሙሉ የኖረባት መቀመጫ! ያን ጊዜ ነው ነገሩ የያዘኝ። ያችን ካርቶን ከነሙሉ ዕቃዋ እንደገና እሠራታለሁ ብዬ ተነሣሁ።

መነሣቱ ቀላል ነው። ዕቃውስ? በምኖርባት በገንዳ ውሃ ገበያ የሚሸጠው አሻንጉሊት ደረቱ የተወጠረ፣ ካባ የደረበ፣ የውስጥ ሱሪውን ከላይ የለበሰ ጎረምሳ ነው። ካባውን ገፈፍሁት። ደረቱን በምላጭ ላግሁት፤ በሽሮ የሚያድር ኦፕሬተር እንዲያ ያለ ደረት ከየት ያመጣል? አንገቱን በፈላ ውሃ አላልቼ ነቀልሁና የሌላ ጠና ያለ አሻንጉሊት ራስ ተከልሁለት። ለቀን ሠራተኞቹ ደግሞ በፌስታል የሚሸጡ አራት ወታደሮች ገዛሁ። ጠመንጃቸውን እየነጠቅሁ ከሽቦ የተሠራ ማጭድ አስያዝኋቸው። በዚህ ዘመን ያለ ስብሰባና ያለ አበል ትጥቅ ያስፈታ ሰው ከኔ ሌላ ካለ እጁን ያውጣ!

ትራክተሯ የተገኘችው ከሦስት የቻይና መኪኖች ነው። የጭስ ማውጫ ማርሚታዋ የእስክሪብቶ ቀፎ፣ ዲስኳ የለስላሳ ቆርኪ። የፊት ጎማዎቿ የመርፌ መድኃኒት ብልቃጥ ክዳን፣ የኋላዎቹ የግሉኮስ ጠርሙስ ክዳን ናቸው። ባለቤቴ ትርንጎ ነርስ ስለሆነች ሊጣል ሲል እያጠበች ታመጣልኛለች። ቀይ ቀለሟም የትርንጎ ነው።

“የጥፍር ቀለሜን ምን አደረግኸው?”

“ሰሊጥ ሲሸጥ እገዛልሻለሁ።”

“አንተ ሰሊጥ አለህ እንዴ?”

“አባትሽ አላቸው።”

አባቷን ላስተዋውቃችሁ። ጋሼ ፈንቴ ይባላሉ። ኮኪት ውስጥ ዐሥር ሄክታር የሚያርሱ የታወቁ የሰሊጥ ገበሬ ናቸው። በዐሥራ አንድ ዓመት ትዳራችን አንድ ቀን በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም። “ጠመኔው” ነው የሚሉኝ። “ጠመኔው ደኅና ነው?” ብለው ለልጃቸው ይደውላሉ እንጂ ለኔ አይደውሉም። የማያርስ አማች ለሳቸው የአህያ ባል ነው፤ ከጅብ አያስጥልም።

እንግዲህ ባለፈው ሐምሌ መጀመሪያ ዝናቡ ሲጥል ትራክተሬ አለቀች። ኦፕሬተሩን መቀመጫዋ ላይ ስሰቅለው ልክ እንደ አባቴ አደረግሁት፤ በአንድ ጎኑ ብቻ ተቀምጦ፣ ወገቡን አዙሮ የኋላውን ዲስክ የሚያይ። አባቴ ወደ ፊት እያየ ሲያርስ አይቼው አላውቅም። ከዚያ ከከተማው ወጣ ብዬ የለሰለሰ መሬት ፈለግሁ። በሹካ ትልም አወጣሁ፤ ትራክተሯን ትልሙ ላይ አቆምኋት፤ ጭቃው ላይ በሆዴ ተኛሁና ፎቶ አነሣሁ። አንድ የተማሪ ወላጅ በባጃጅ ሲያልፉ አይተውኝ “መምህር፣ ምን ነካዎት?” ብለው ወርደው ሊያነሡኝ ነበር። ግን ፎቶው… ምን ልበላችሁ! ከኋላዋ ማሳ፣ ከላይዋ ጥቁር ደመና። ፌስቡክ ላይ ለጠፍኋትና ከሥሯ “የአባቴ ትራክተር ተመለሰች! ሁለት ዓመት ለፍቼ ጨረስኋት” ብዬ ጻፍሁ።

በማግስቱ ስልኬ ጮኸ። ጋሼ ፈንቴ! ለኔ! ከወንበሬ ተነሣሁ።

“እንኳን ደስ ያለህ! ፎቶዋን አሳዩኝ። ራሷ የዓለሙ ቀይ ናት!”

“ራሷ ናት ጋሼ። የግራ መብራቷ እንኳ እንደተሰበረ ነው።”

“አየሁ እኮ! ጎማዋ አዲስ ነው?”

“አዲስ ነው። ከትርንጎ ሐኪም ቤት ነው ያመጣሁት።”

“ሐኪም ቤት የትራክተር ጎማ አለ?”

“ሞልቷል ጋሼ። ይጥሉታል እኮ።”

“ወይ ይች አገር!” አሉና ተነፈሱ። “በል ነገ እንመጣለን።”

እዚህ ላይ “እንዴት አልጠረጠርህም?” እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ሰው ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሲናቅ ቆይቶ አንድ ቀን ሲመሰገን መጠርጠር ይችላል? አማቴ በመጨረሻ ጥበብ ገባቸው ብዬ ቤቱን ስጠርግ አደርሁ!

በማግስቱ ረፋድ ላይ ባጃጅ በራችን ላይ ቆመ። ጋሼ ፈንቴ ነጭ በነጭ ለብሰው ወረዱ። ጎረቤታቸው አያ ካሴ ተከትለዋቸው ወረዱ፤ በአንድ እጃቸው ቀይ አውራ ዶሮ አንጠልጥለዋል። ከዚያ ባለባጃጁ እያቃሰተ ሃያ ሊትር ናፍጣ አወረደ።

ናፍጣ።

የጄሪካኑን ክዳን ከፍቼ አሸተትሁት።

“ትራክተር ያለ ደም ማሳ አይገባም ብለን ዶሮ አመጣን” አሉ ጋሼ ፈንቴ ግቢውን በዓይናቸው እያሰሱ። “ናፍጣም ቸግሮሃል ብለን ነው። የት አቆምሃት?”

“እ… ቤት ውስጥ ናት።”

“ቤት ውስጥ? እንዴት አስገባሃት?”

“ይቀመጡ እስቲ ጋሼ…”

“ምን መቀመጥ አለ! ዝናቡ ጥሏል። ደምለውን ‘ተራዬን ለሌላ ስጥ፣ አማቼ ትራክተር አለው’ ብየዋለሁ። ገበያ መሐል፣ ሰው ሁሉ እየሰማ! ዛሬ ካልጀመርን መቼ ልንዘራ ነው?”

ይች ናት እንግዲህ ጉዷ! የኛን አገር ለማታውቁ ላስረዳ። እዚህ ሰሊጥ የሚዘራበት ቀን በጣት የሚቆጠር ነው። ያለፈው አለፈው። ትራክተር ያለው ጥቂት፣ የሚፈልገው ብዙ ነው፤ ስለዚህ ገበሬው ከበጋ ጀምሮ ተራ ይይዛል። ታዲያ አማቹ ትራክተር እያለው የባዕድ ደጅ የሚጠና ሰው መሳቂያ ነው። ጋሼ ፈንቴ በኔ ኮርተው፣ ከበጋ ጀምሮ የያዙትን ተራ ለቀዋል። በኔ! በጠመኔው!

ሌላ ምን አደርጋለሁ? ገባሁና በትሪ አድርጌ አመጣኋት።

ዶሮው አንገቱን ሰግጎ ትራክተሯን ቁልቁል አያት። ከሷ ይበልጥ ነበር። አያ ካሴ መነጽራቸውን አደረጉ፤ አወለቁ፤ እንደገና አደረጉ።

“ይች ግልገሏ ናት” አሉ በመጨረሻ። “እናቷስ?”

ትርንጎ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ጓዳ ሮጠች። እስከ ዛሬ አለቀስሁ ነው የምትለው። እኔ ግን የሰማሁትን ሰምቻለሁ።

ጋሼ ፈንቴ ቢቆጡኝ በወደድሁ። አልተቆጡም። ቀስ ብለው የናፍጣው ጄሪካን ላይ ተቀመጡና “ላም አለኝ በሰማይ…” አሉ። አልጨረሱትም። ያን የመሰለ ሰው ትከሻው ወርዶ ሳየው የራሴን አንገት ነቅዬ ብጥል ደስ ባለኝ ነበር። ዐሥር ሄክታር ጦም ሊያድር ነው። ዓመቱን ሙሉ የሚበሉት፣ ለትንሹ ልጃቸው ሠርግ ያሰቡት፣ ሁሉም እዚያ መሬት ላይ ነው።

“ተነሥ” አሉኝ ቆይተው። “ደምለው ዘንድ እንሄዳለን። ያችንም ጉድህን ይዘሃት ና። ሞኝ ነው ይበለኝ እንጂ ውሸታም አይለኝም።”

ኮኪት ስንደርስ አቶ ደምለው ግቢያቸው ውስጥ ጀለቢያቸውን ለብሰው ከትልቁ ትራክተራቸው አጠገብ ቆመዋል።

“ኧረ ፈንቴ! የአማችህ ትራክተር እንዴት ናት? አረሰች?”

“ተራዬን መልስልኝ ደምለው።”

“ኸላስ፣ አለቀ! ተራህ ሄዷል። የአንተን ቀን የሚፈልግ ስንት ሰው አለ መሰለህ? ለመሆኑ ያች ትራክተር ምን ሆነች?”

ጋሼ ፈንቴ ወደኔ ሳይዞሩ “አሳየው” አሉ።

ከካርቶኗ አውጥቼ መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኋት። አቶ ደምለው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ሠራተኞቹን ጠርተው ሳቁ። እኔ መሬት ተከፍታ እንድትውጠኝ ጠበቅሁ፤ በዚያ ሁሉ ዝናብ ለስልሳ እንኳ አልተከፈተችም። ኋላ ግን አቶ ደምለው ወደ ዓይናቸው አስጠጓትና ሳቃቸው ቆመ።

“የግራ መብራቷ…”

“አዎ” አልሁ።

“ግራር ላይ አላትሞ የሰበራት እሱ ነው። አንድ ሳምንት አኩርፌው ነበር።” በጣታቸው ኦፕሬተሩን ነካ አደረጉት። “በጎኑ ተቀምጦ! ዓለሙ እኮ ነው! አንተ የዓለሙ ልጅ ነህ?”

“ነኝ።”

“ያችን ቀይ አርጅታ ለብረታ ብረት ስሰጣት ፎቶዋን እንኳ አላስቀረሁም። የመጀመሪያዬ ናት። ዛሬ ያለኝ ሁሉ ከሷ ነው የመጣው፤ ከሷና ከአባትህ።” ወደ ደረታቸው ሳቧትና “ትሰጠኛለህ?” አሉኝ።

ሁለት ዓመት! ደግሞ የአባቴ ፎቶ ማለት እኮ እሷ ናት። ጋሼ ፈንቴን አየኋቸው፤ እሳቸው ሰማዩን ያያሉ። ደመናው ከሱዳን በኩል እየመጣ ነበር።

“ትራክተሯን ይውሰዷት” አልሁ። “ኦፕሬተሩን ግን ልያዘው።”

“ልጄ፣ ያለ ኦፕሬተር ትራክተር ምን ያደርጋል?”

እውነታቸውን ነው። አባቴም ቢሆን ይህንኑ ነበር የሚለው። ካርቶኑን ከነሠራተኞቹ፣ ከነማጭዳቸው ሰጠኋቸው። አቶ ደምለው ትራክተሯን ከደረታቸው ሳይነጥሉ ወደ ነጂያቸው ዞሩ።

“የኔ ማሳ ይቆይ። የኔን ቀን ለፈንቴ ስጠው። ተማም? ተግባባን?”

በማግስቱ ዐሥሩም ሄክታር መታረስ ጀመረ። ያም ሃያ ሊትር ናፍጣ ከንቱ አልቀረም፤ ትልቁ ትራክተር ጠጣው። ዶሮው ግን ጓሯችን ውስጥ አለ። ከዚያን ቀን ወዲህ ማንንም አይፈራም።

ጋሼ ፈንቴስ? ኮኪት ገበያ መሐል ቆመው “ቃሌ ቃል ነው! በአማቼ ትራክተር አረስሁ!” ይላሉ አሉ። ማን ይከራከራቸዋል? ዐሥር ሄክታር በመዳፍ በምትያዝ ትራክተር ያረሰ ገበሬ እሳቸው ብቻ ናቸው።

ባለፈው እሑድ ስልኬ ጮኸ።

“ሄሎ፣ ኦፕሬተር!”

ጠመኔው ቀረ ማለት ነው። አባቴን ኮኪት ሁሉ የሚጠራው በዚህ ስም ነበር።

“ትሰማኛለህ?”

“እሰማለሁ ጋሼ።”

“ማሽላው ሲደርስ ኮምባይነር ማግኘት ጭንቅ ነው እያሉ ነው።”

“እና… ምን ላድርግ ጋሼ?”

“ምን ላድርግ ትለኛለህ? ያችኛዋ ሁለት ዓመት ፈጅታብሃለች። በል አሁኑኑ ጀምር!”