የሚስተር ዱጋልን ዋሽንት ሳያስቀይሙ ስለ ማስቆም

የንብ እግር ኳስ ቡድን ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ፣ ኢስት ዮርክ፣ ቶሮንቶ፤ አስቸኳይ ስብሰባ

ቀን፦ ቅዳሜ ሰኔ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ቦታ፦ ሊቀ መንበሩ አቶ ሳህሉ የሚኖሩበት ኮንዶ፣ ምድር ቤት ያለው የድግስ ክፍል።

ሰዓት፦ ለዘጠኝ ሰዓት ተጠርቶ ከአሥር ሰዓት በኋላ ተጀመረ። ያረፈዱት ሁሉ “ፓርኪንግ አጥተን ነው” ብለዋል። ከሁሉም መጨረሻ የደረሱት ከዚያው ሕንፃ በሊፍት የወረዱት አቶ ሳህሉ ሲሆኑ እሳቸውም ያው ፓርኪንግ ነው ብለዋል።

የተገኙ፦
አቶ ሳህሉ፣ ሊቀ መንበር
አቶ ማኑ፣ ምክትል ሊቀ መንበርና አስተርጓሚ
ሃብታሙ፣ በረኛና የተጫዋቾች ተወካይ
እታገኝ፣ ጸሐፊ (ባለፈው ስብሰባ ባልተገኘሁበት የተመረጥኩ)
ዙሌካ፣ የጤና ጉዳይ ኃላፊ፤ ፋርማሲስት ስለሆነች ከሥራ ዘግይታ ገብታለች

ያልተገኙ፦
ኑረዲን፤ ከስካርቦሮ “አውቶቡስ ላይ ነኝ” ብሎ ቴክስት አድርጓል። ስብሰባው ሲያልቅም አውቶቡስ ላይ ነበር።
እሸቱ፤ ያለ ፈቃድ የቀረ። በልማዳችን መሠረት የሚቀጥለው ሹመት የእሱ ነው።

ምልዓተ ጉባኤን በተመለከተ፦ ደንባችን አምስት ሰው ይጠይቃል። ዙሌካ እስክትደርስ አራት ብቻ ነበርን። ስለዚህ አምስተኛ ሆነው የተቆጠሩት በእንግድነት የተገኙት ሚስተር ዱጋል ናቸው። ስብሰባው የተጠራው ደግሞ በእሳቸው ላይ ነው።

ይህ እንዴት እንደሆነ ለመዝገብ ያህል ይጻፍ ተብሏል። ባለፈው ሳምንት አቶ ማኑ “ሚስተር ዱጋል ቤት ሄደህ ዋሽንቱን እንዲተዉልን በጨዋ ደንብ ንገርልን” ተብሎ ተልኮ ነበር። ሄደ። ሻይ ቀረበለት። ብስኩት በላ። የሰው ብስኩት አፉ ውስጥ ሳለ እንዲህ ያለ ነገር መናገር ከበደውና “ቅዳሜ ስብሰባ አለን፣ ይምጡልን” ብሎ ተመለሰ። ጸሐፊዋ “ጎበዝ መልእክተኛ!” ስትል ሊቀ መንበሩ ሥነ ሥርዓት እንድትይዝ አሳስበዋታል።

አጀንዳ አንድ፦ የጉዳዩ አመጣጥ

ሚስተር ዱጋል ስኮትላንዳዊ ናቸው። ሊፍት ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል፤ ቤታቸው ከምንጫወትበት ሜዳ ማዶ ነው። ሦስት በጋ ሙሉ አንድ ጨዋታ አላመለጣቸውም። የቡድናችን ደጋፊ ማን ነው ቢባል መልሱ ሚስተር ዱጋል ነው፤ ሌላ ደጋፊ የለንም። የገዛ ሚስቶቻችንና ባሎቻችን እንኳን መምጣት ካቆሙ ቆይተዋል።

ችግሩ ዋሽንቱ ነው። ስልቻ የመሰለ ከረጢት አለው፤ ብብታቸው ውስጥ ሸጉጠው በክርናቸው እየጨመቁ ይነፉታል። ሲጀምር ድምፁ የታረደ ነገር ይመስላል፤ ሲቀጥልም አይሻለውም።

ሃብታሙ ባለፈው ጨዋታ ከገቡበት ስድስት ግቦች አራቱ በዋሽንቱ ምክንያት መሆናቸውን አስረዳ። “ተከላካዮቼን ስጠራ ማንም አይሰማኝም” አለ። ሊቀ መንበሩ ስለ ቀሪዎቹ ሁለቱ ጠየቁት። እነሱ የፀሐይ ናቸው ሲል መለሰ። ጨዋታው በዝናብ እንደነበር ጸሐፊዋ ብታስታውስም አስተያየቷ ከአጀንዳ ውጭ ተብሏል።

ጸሐፊዋ የራሷን አቋም ሳትደብቅ ትመዘግባለች። የምትቀመጠው ሚስተር ዱጋል አጠገብ ነው። ሳምንቱን ሙሉ አውቶቡስ ስትነዳ ከርማ እሁድ ጆሮዋ ሥር ያ ነገር ሲጮህ አምላኳን ስታማርር ሦስት ዓመት ሆኗታል። ለዛሬው ድምፅ ስትል ሺፍቷን ለውጣ ነው የመጣችው። ከሁላችን ይበልጥ ይቁም ባይዋ እሷ ናት።

አጀንዳ ሁለት፦ የመፍትሔ ሐሳቦች

ሚስተር ዱጋል በመካከላችን ተቀምጠው ፈገግ እያሉ ያደምጡ ነበር። ነገሩ የግል መስሏቸው ይሁን ሌላ፣ አንድ ጊዜ ተነስተው ወደ በሩ ሲሄዱ ምልዓተ ጉባኤው እንዳይጎድል ሃብታሙ ሮጦ መለሳቸው። ስለ እሳቸው መጥፎ ነገር በነፃነት መናገር የምንችለው እሳቸው እስካሉ ብቻ መሆኑን ሊቀ መንበሩ አስረድተዋል።

እዚህ ላይ ስለ ቋንቋ ማብራሪያ ያስፈልጋል። ሁላችንም እንግሊዝኛ እንችላለን፤ የምንኖረውም የምንሠራውም በሱ ነው። የሚስተር ዱጋል እንግሊዝኛ ግን ሌላ ነው። ከአሥር ቃል ሁለቱ ቢያዝ ነው። ትልቅ ሰውን “አልሰማሁም፣ ይድገሙልኝ” ማለት ደግሞ ማን ይደፍራል? ስለዚህ ሦስት ዓመት ሙሉ “ያ፣ ያ” እያልን ራሳችንን ስንነቀንቅ ቆይተናል። ፓርክዴል ሰፈር ቤት ሲቀባ ከአንድ ስኮትላንዳዊ ጋር መሥራቱን የሚናገረው አቶ ማኑ ብቻ ነው። በዚህም አስተርጓሚ ሆነ።

ሃብታሙ ዋሽንቱ የሚነፋው ስንመራ ብቻ እንዲሆን ሐሳብ አቀረበ። ይህ ለዘላለም ከማገድ በምን እንደሚለይ ተጠይቆ “ለሰሚ ይለሰልሳል” አለ። አቶ ማኑ ለሚስተር ዱጋል ሲተረጉምላቸው ምን እንዳለ ጸሐፊዋ ሰምታለች፤ “ስንመራ ደስታችን የሚሞላው በእርስዎ ዋሽንት ነው” ነበር ያለው። ሚስተር ዱጋል አንገታቸውን ደፉ።

አቶ ሳህሉ በዋሽንቱ ፋንታ ማሲንቆ እንዲሰጣቸው አሳሰቡ፤ ድምፁ ለጎረቤት አይተርፍም በማለት። ማሲንቆ መምታት ማን ያስተምራቸዋል ለሚለው ጥያቄ “እሱማ ነው ጥቅሙ” ሲሉ መለሱ። አቶ ማኑ ይህን “የሁለቱ አገር ሙዚቃ ወንድማማች ነው ብለዋል” ብሎ ተረጎመው።

ጸሐፊዋ “ኧረ ባካችሁ! ‘ይበቃል፣ ያሳምመናል’ በሏቸውና እንገላገል!” አለች። አቶ ማኑ ትንሽ አሰበና “እታገኝ ዋሽንትዎን ስትሰማ አንጀቷ ይላወሳል” አላቸው። ሚስተር ዱጋል እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉልኝ። ወይ ጉድ! እኔም መልሼ ጎንበስ አልኩ። ምን ላድርግ?

ከብዙ ውይይት በኋላ ሚስተር ዱጋል “የክብር የሙዚቃ አማካሪ” ተብለው እንዲሾሙ፣ አማካሪ ደግሞ ራሱ የማይነፋ መሆኑ በሹመት ደብዳቤው እንዲገለጽ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ሹመቱን የሚነግራቸው አቶ ማኑ ስለሆነ የነገራቸው የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ነው።

አጀንዳ ሦስት፦ የእንግዳው አስተያየት ስለ ስፖርትና ሙዚቃ

ሚስተር ዱጋል ለመናገር ፈቃድ ጠየቁ። ቆመው ረጅም ንግግር አደረጉ። እጃቸውን አወናጨፉ፣ ሁለት ጊዜ ሳቁ፣ አንድ ጊዜ ድምፃቸው ሰለለ። ሁላችንም “ያ፣ ያ” አልን። ሲጨርሱ አቶ ማኑ እንዲህ ሲል ተረጎመ፦ “በጣም አመሰግናለሁ፣ ገና እነፋላችኋለሁ ነው የሚሉት።”

በዚህ ጊዜ ዙሌካ ገባች፤ የንግግሩን መጨረሻ በሩ ላይ ቆማ ሰምታ ነበርና “ዌት፣ እንደዚያ አይደለም ያሉት” አለች። ከዚያ ማናችንም በሦስት ዓመት ያላደረግነውን አደረገች። ወደ ሚስተር ዱጋል ዞራ “ሶሪ፣ ቀስ ብለው እንደገና ይንገሩኝ” አለቻቸው። አቶ ሳህሉ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሚስተር ዱጋል ግን ደስ አላቸው፤ ወንበር ስበው ከመጀመሪያው ጀመሩ። ዙሌካ እየተረጎመች ጸሐፊዋ የያዘችው ይህን ነው።

የሚስተር ዱጋል የአገር ቤት ቡድን በአንዲት ትንሽ የባሕር ዳር ከተማ ያለ፣ ከታች ካሉት ምድቦችም የመጨረሻው ውስጥ የሚጫወት ነው። ንፋሱ ብርቱ ስለሆነ በረኛው የጠለዘው ኳስ ተመልሶ ወደ ራሱ የሚመጣበት ቀን አለ። ስድስት ዓመት ሲሞላቸው አባታቸው ሜዳ ይዘዋቸው ገቡ፤ ያን ቀን ቡድናቸው ተሸነፈ፤ ከዚያ ወዲህም እንዲሁ ነው። በሜዳው የሚሸጠው የሥጋ ፓይ በመጀመሪያው አጋማሽ ምላስ ያቃጥላል፣ በሁለተኛው እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል። በእሳቸው አስተያየት ቡድኑ ያሸነፈለት ሰው ደስ ብሎት ቀጥታ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የተሸነፈበት ግን ዝናብ ውስጥ ቆሞ ከማያውቀው ሰው ጋር ሲሟገት ያመሻል። በሕይወታቸው ያፈሩት ጓደኛ ሁሉ በሽንፈት የተገኘ ነው። እኛን ሜዳ ላይ ያዩን ቀን “አገሬ ገባሁ” አሉ።

ሃብታሙ ይህ ምስጋና ነው ስድብ ሲል ጠየቀ።

ስለ ሙዚቃ ደግሞ፦ በአገራቸው ኳስ ሜዳ ሙዚቃ ማለት ሕዝቡ ስለ ዳኛው የሚያወጣው ዘፈን ነው፤ ግጥሙን ሴቶች ፊት አልደግምም አሉ። ዙሌካ ደግመው እንዲነግሯት ብትጠይቅም እምቢ አሉ። እሳቸው የሚወዱት ከጨዋታ በኋላ ሃብታሙ መኪናውን ከፍቶ የሚያሰማውን የአማርኛ ዘፈን ነው። ጭብጨባው ይገባል ብለው በማይጠብቁት ቦታ ይገባል፣ ግን ልክ ነው፤ ለዚያ ሲሉ ጫማቸውን የሚያስሩ መስለው ይቆያሉ።

ዋሽንቱን በተመለከተ አይወዱትም። መቼም ወደውት አያውቁም። ያ ነገር የሚያምረው ከኮረብታ ማዶ ሲሰማ ነው፤ አጎታቸው ሲነፋ ቤተሰቡ ጋራዥ ያስገባው ነበር። እዚህ የጀመሩት አቶ ሳህሉ በተዋወቋቸው ቀን “ከስኮትላንድ ከሆኑማ ዋሽንትዎን ያሰሙን እንጂ!” ስላሏቸው ነው። እንደዚያ በደስታ የጠየቀ ሰው እንዴት እምቢ ይባላል? ዋሽንት አልነበራቸውም፤ ስካርቦሮ ድረስ ሄደው ያገለገለ ገዙ። ከቪዲዮ ተማሩ። የታችኛው ፎቅ ጎረቤታቸው ሰላምታ ተወቻቸው። ዛሬ የመጡትም ደፍረው “ከዚህ ነገር ገላግሉኝ” ብለው ሊለምኑን ነበር።

አቶ ሳህሉ “እኔ ለጨዋታ ያህል ነበር እኮ ያልኩት” አሉ። አቶ ማኑ ለምን በትክክል እንዳልተረጎመ ተጠይቆ “ሰው ፊት ለፊት እንዲህ ይባላል እንዴ?” ሲል መለሰ።

ዋሽንቱ ከነገ ጀምሮ እንዲቆም በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ሚስተር ዱጋልም እጃቸውን ከሁሉም ቀድመው አወጡ። ተጨበጨበ። አቶ ሳህሉና ሚስተር ዱጋል ተቃቀፉ። ጸሐፊዋ እልል ልትል ምንም አልቀራትም።

አጀንዳ አራት፦ ልዩ ልዩ

ዙሌካ እቃዋን እየሰበሰበች “እንግዲህ ነገ ሜዳ እንገናኝ” አለቻቸው። ሚስተር ዱጋል አይ፣ ነገ አልመጣም አሉ። ለምን ቢባሉ እንዲህ አሉ፦ “ምን ብዬ ልምጣ? ተጫዋች አይደለሁ፣ አሠልጣኝ አይደለሁ፣ የማናችሁም አባት አይደለሁ። ባዶ እጁን ሜዳ ዳር የሚቆም ሽማግሌ፣ ሰው ያፈጥበታል። ዋሽንቱን ስይዝ ግን ‘የነሱ ሰው ነው’ ይባላል። እንድመጣ የፈለጋችሁት ለሱ ይመስለኝ ነበር።”

አቶ ሳህሉ “እኛ ደግሞ ዋሽንቱን የቻልነው እርስዎ እንዳይቀሩብን ብለን ነው” አሉ። ዙሌካ ተረጎመችው። ሚስተር ዱጋል ጨዋነት መሰላቸው፤ አመስግነው ኮታቸውን አነሱ።

ሃብታሙ “እና ነገ የሚገባብኝ ግብ በማን ይሳበባል?” ብሎ ጠየቀ።

ጸሐፊዋ ይህን ስትጽፍ እውነቱን ትናገራለች፤ ደነገጥኩ። ዝም ያለ ጆሮ ስመኝ ሦስት ዓመት ከርሜ፣ ያ አግዳሚ ወንበር ባዶ ሆኖ ሲታየኝ አልቻልኩም። ስንሸነፍ “በርቱ” የሚለን ማን ነው? ብድግ ብዬ የተወሰነው ሁሉ እንዲሻር ሐሳብ አቀረብኩ። አቶ ሳህሉ “አንቺ?” አሉኝ። “አዎ፣ እኔ!” አልኩ። አራቱም እጃቸውን አወጡ።

ለሚስተር ዱጋል ሲነገራቸው “መንፋት አልፈልግም አልኳችሁ እኮ” አሉ። ጉባኤው አንድ ጊዜ እምቢ ማለት የጨዋ ወግ መሆኑን ተገንዝቦ ልመናውን ቀጠለ። ሁለተኛ ጊዜም እምቢ አሉ። ጉባኤው ይህንንም አከበረ። ሦስተኛ ጊዜ ጸሐፊዋ ክንዳቸውን ይዛ “በሞቴ! በሞቴ ይምጡልን!” አለች። አቶ ማኑ አፉን ሲከፍት ሁላችንም “አንተ ዝም በል!” አልነው። ዙሌካ ቃል በቃል ተረጎመችላቸው።

ሚስተር ዱጋል ፊታቸው ነጣ። ኮታቸውን መልሰው ወንበሩ ላይ አደረጉና “ኧረ ማንም መሞት የለበትም። እነፋለሁ” አሉ።

ውሳኔ፦ ዛሬ የተወሰነው ሁሉ፣ ሹመቱም እገዳውም፣ እንዳልተወሰነ ተቆጥሯል። ሚስተር ዱጋል ነገ ይመጣሉ፣ ይነፋሉም። እሳቸው መንፋት እንደማይወዱ እኛም መስማት እንደማንወድ ሁለቱም ወገኖች አውቀው ተስማምተዋል። ተቃውሞ የለም።

ስብሰባው በአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ክፍሉን ለልደት የተከራዩ ሰዎች ኬክ ይዘው ስለገቡ ተበተነ።

እታገኝ፣ ጸሐፊ