በብስክሌት ላይ ያወጣሁት ባህል

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለባለቤቴም፣ ለንስሐ አባቴም። ለንስሐ አባቴ ሁለት ጊዜ ልነግራቸው ጀምሬ፣ ሁለቴም ወሬውን ወደ ጾም አዞርሁት። ሰው ስለ ብስክሌት ንስሐ ይገባል? እናንተ ግን አታውቁኝም። ስለዚህ ልንገራችሁ።

በቅድሚያ አንድ ነገር ልናዘዝ። እኔ ባሕር ዳር ተወልጄ ባሕር ዳር ያደግሁ ሴት ነኝ፤ ብስክሌት መንዳት ግን አልችልም። ሳቁ፣ ግድ የለም። በእኛ ከተማ ብስክሌት አልችልም ማለት፣ ጣና ዳር አድጎ ዓሣ አልቀመስሁም እንደማለት ነው። በልጅነቴ ጓደኞቼ ሲለማመዱ ቀሚሴን በሁለት እጄ ጨብጬ ዳር እቆም ነበር። "ነይ እንጂ!" ሲሉኝ፣ "ዛሬ እግሬን አሞኛል" እላለሁ። እግሬ እንዲሁ እንዳመመው ዲግሪ ያዝሁ፣ ኮሌጅ ሬጅስትራር ተቀጠርሁ፣ አገባሁ፣ ወለድሁ።

ከአራት ዓመት በፊት ከከተማው ዳር ዘንዘልማ ቤት ተከራይተን ገባን። የባለቤቴ ሥራ ማክሰኝት ስለሆነ በየአሥራ አምስት ቀኑ ነው የሚመጣ። ልጃችንን ቃልን ትምህርት ቤት ማድረስ የእኔ ፈንታ ሆነ። መኪና የለንም። ሚኒባሱ እኛ ጋ የሚደርሰው ሞልቶ ነው፤ ረዳቱም ልጅ ሲያይ "ትታቀፋለች!" ይላል። ስድስት ዓመት የሞላትን ልጅ ታቅፋችሁ ታውቃላችሁ? ስለዚህ እንደ ሰፈሩ እናቶች ሁሉ የባጃጅ ኮንትራት ገባሁ። ዘጠኝ ልጅ፣ ከነቦርሳው፣ ከነምሳ ዕቃው፣ አንድ ባጃጅ ውስጥ። ጠዋት ጠዋት እየገፋን እንከታቸውና "በሰላም ዋሉ" እንላለን። ስንብት እንዳይመስላችሁ፣ ጸሎት ነው።

በዚህ መካከል ሚና መጣች። ኮሌጃችን ሒሳብ ልታስተምር ከህንድ የመጣች መምህርት ናት፤ ባሏ እዚያው አገሩ ሥራ ላይ ቀርቶ፣ እሷ ሁለት ልጆቿን ይዛ መጥታ አጥር ለአጥር ተጎራበትን። አርጁን ስምንት ዓመቱ፣ ላታ አምስት። የባጃጁን ነገር አጫወትኋትና ጠዋት በር ላይ ወጥታ አየችው። ዘጠኙን ልጆች ቆጠረች። የሒሳብ መምህርት አይደለች? ደግማ ቆጠረች። ከዚያ "አመሰግናለሁ፣ እህቴ" ብላኝ ገባች።

በሳምንቱ አሮጌ ብስክሌት ገዝታ መጣች። ብየዳ ቤት ወስዳ ከፊት ለላታ የምትሆን መቀመጫ አስበየደች፤ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ላይ ለአርጁን ስፖንጅ አሰፋች። መስከረም ላይ ዝናቡ ገና አልለቀቀንም ነበር፤ ከአንድ ሰፊ ላስቲክ ሦስት የአንገት ቀዳዳ ቆርጣ ሦስቱም አንድ ላይ ለበሱት። ሦስት ራስ ያለው ፍጥረት ጭቃውን እየሰነጠቀ ሲሄድ ይታያችሁ! በዚያ ላይ ልጆቹ ትምህርት ቤት የያዙትን ፊደል መንገድ ላይ ያስተምሯታል። ፔዳሉን አንዴ ስትረግጥ "ሀ!" ደግሞ ስትረግጥ "ሁ!" ዳገቱ ላይ ስትደርስ "ሂ..." ትልና ትንፋሿ ያልቃል፤ ልጆቹ ከፊትና ከኋላ ይጨርሱላታል። በሰው አገር፣ ያለ ዘመድ፣ ያለ መኪና፣ እየሳቀች። አንድ ቀን እንኳ አላረፈደችም። እኔ በአጥሩ ቀዳዳ እመለከታት ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ? እንደዚያች ሴት ያደነቅሁት ሰው የለም።

ታዲያ ያደነቅሁትን ሰው ምን አደረግሁት? በጥቅምት አንድ ጠዋት ቃል ወደ ባጃጁ ስገፋት ዞር ብላ፣ "እማዬ፣ አንቺ ለምን እንደ ላታ እናት አታደርሺኝም?" አለችኝ። ስምንት ልጅና ሦስት እናት እየሰማ። "እግሬን..." ብዬ ጀመርሁና ዋጥሁት።

የዚያኑ ዕለት ሚና ቢሮዬ መጣች። ሰዎች በየመንገዱ ቆመው ያዩኛል፣ የማደርገው ነገር ነውር አለበት እንዴ ብላ ጠየቀችኝ። ሰው የሚቆመው በአድናቆት ነበር። ይህን ለመናገር የሚበቃ እንግሊዝኛ አላጣሁም። ግን ልጄ ጠዋት የተናገረችው ገና ከጆሮዬ አልወጣም ነበርና፣ እንዲህ አልኋት፤ "በእኛ ባህል እናት ልጆቿን በብስክሌት አትጭንም። ትልልቅ ሰዎች አይወዱትም። በተለይ መሪጌታ።"

መሪጌታን ለምን እንዳነሳሁ እኔም አላውቅም። በሰፈራችን የሚከበሩ አባት ናቸው፤ ቤታቸው መንገዱ ዳር ነው፤ ልጆችን ፊደል ያስተምራሉ። ስም ሲጠፋኝ እሳቸው አፌ ላይ መጡ።

ሚና አልተከራከረችም። ብትከራከር ምን ነበረበት? ብስክሌቱን ቤት ውስጥ አስገባችው። ከማግስቱ ጀምራ ላታን አዝላ፣ አርጁንን እየጎተተች በእግሯ ሄደች። በብስክሌት ሩብ ሰዓት የነበረው መንገድ በስምንት ዓመት ልጅ እግር አንድ ሰዓት ሆነ። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ደግሞ ሰንደቅ ዓላማ ሲወጣ በሩን ይዘጋል፤ አዋጅ ይዘው ቢመጡ አይከፍትም። አንድ ቀን ቀሩ፣ ሁለተኛ ቀን ቀሩ። በሦስተኛው ሳምንት ሚና ዓይኗ አብጦ አገኘኋት። ልጆቹን አገሯ እናቷ ዘንድ ልትልካቸው ማሰቧን ነገረችኝ። "ልጆቿን ትምህርት ቤት ማድረስ ያቃታት እናት ምን እናት ናት?" አለችኝ። ለእኔ! ልጇን ከዘጠኝ አንዷ አድርጋ ለምትጭነው!

ያኔ ልናዘዝ አፌን ስከፍት ቀደመችኝ። "ከመሄዳቸው በፊት ግን እኚያን አባት ይቅርታ መጠየቅ አለብኝ። አስቀይሜያቸዋለሁ። አስተርጉሚልኝ።"

ዓርብ ከሰዓት በኋላ አንድ እጅ ሙዝ አንጠልጥላ፣ እኔን አስከትላ መሪጌታ ቤት ገባች። ሚና አንገቷን ሰብራ ረጅም ንግግር አደረገች፤ ባለማወቋ ማፈሯን፣ ባህሉን እንደምታከብር፣ ይቅር እንዲሏት።

መሪጌታ ወደ እኔ ዞሩ። "ምን ትላለች?"

"እንዴት ሰነበቱ ትላለች፣ መሪጌታ።"

"ይህን ሁሉ ተናግራ?"

"ቋንቋቸው ረዘም ይላል።"

"እግዚአብሔር ይመስገን በያት። እንዲያው እኔም ልጠይቃት ስል ነበር፤ ያ ብስክሌቷ ምን ነካው? ተሰረቀባት እንዴ? ሰው አገር መጥታ፣ ሁለት ነፍስ ጭና፣ ፊደል እየቆጠረች ስታልፍ እኔ እኮ ሥራዬን አቁሜ ነበር የምሰማት። ተማሪዎቼን 'እናንተ ቁጭ ብላችሁ ያቃታችሁን እሷ እየጋለበች ትለዋለች' እላቸው ነበር። ሴት ማለት እሷ ናት! ደረጃውን ጠብቀሽ ንገሪልኝ።"

ሚና እጄን ያዘች። "ተቆጡ? ምን አሉ?"

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ውሸት ግን እያደር ሥርዓት እንደሚሆን ማንም አልነገረኝም። እውነቱን ለመናገር ከዚያ የተሻለ ሰዓት አይገኝም ነበር። ልጆቹ ሊሄዱ ነው፤ ሁለቱም ሰዎች ዓይን ዓይኔን ያያሉ። ትንፋሼን ሰበሰብሁና ተረጎምሁ።

"ፈቅደዋል" አልኋት።

ሚና አለቀሰች። እንደ አገሯ ወግ ጎንበስ ብላ እግራቸውን ነካች። መሪጌታ ደንግጠው "ኧረ በወላዲተ አምላክ! ምን አልሻት?" አሉኝ። ምርቃትዎን ፈልጋ ነው አልሁ። ቆመው በግዕዝም በአማርኛም መረቋት። ልጆቹም ወደ አያታቸው መሄዳቸው ቀረ።

ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ሳልናዘዝ በነጻ ማምለጤ ከበደኝ። በማግስቱ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ የባለቤቴን ብስክሌት ከጓዳ አውጥቼ አቧራውን ጠረግሁና እየገፋሁ ሚና በር ላይ ቆምሁ። አንገቴን ደፍቼ፣ ብስክሌት አልችልም፣ ችዬም አላውቅም፣ አስተምሪኝ አልኋት። ቃል ከኋላዬ ቆማ ትሰማለች።

ሚና በደስታ አቀፈችኝ። ወዲያው ግን ፊቷ ተለወጠ። "መሪጌታን ጠይቀሻል? ለእኔ የፈቀዱልኝ እንግዳ ስለሆንሁ ይሆናል። አንቺ የአገሩ ልጅ ነሽ። ያለ ፈቃድማ አላስተምርሽም።"

ብስክሌቱን አዞርሁ። ቃል ከኋላዬ፣ ሚና ከቃል ኋላ፣ ሦስታችን ሄድንና የመሪጌታን በር አንኳኳሁ። ወጡ።

"መሪጌታ፣ ብስክሌት ልማር ብዬ ፈቃድዎን ልጠይቅ መጥቼ ነው።"

ብስክሌቱን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከኋላዬ እጆቿን አጋጥማ የምትጠብቀውን ሚናን አዩ።

"ልጄ፣" አሉኝ ዝግ ብለው፣ "ብስክሌት ፈቃድ የሚጠየቅበት ከመቼ ወዲህ ነው?"

"ከጥቅምት ወዲህ፣ መሪጌታ" አልኋቸው።