እኔ ለሽምግልና፣ እግሬ ወደ ቤቱ

አካሉን የሚያዝዘው እሱ ራሱ የሚመስለው ሰው ካለ፣ ያ ሰው ገና አልተዋረደም ማለት ነው! አትቆጡኝ። እኔም እስካለፈው እሑድ ድረስ እንደ እናንተው ነበርኩ። ጭንቅላቴ «ሂድ» ሲል የምሄድ፣ «ቁም» ሲል የምቆም ሰው ነኝ ብዬ ደረቴን ነፍቼ እኖር ነበር።

እሑድ ጠዋት ቁርስ ላይ ልጄ ማህሌት ለስምንተኛ ክፍል ፈተና ታጠናለች። «አባዬ፣ ስማኝማ» ብላ ታስተምረኝ ጀመር። ትልቁ አንጎል ያስባል፣ ይወስናል። ከኋላ ያለው ትንሹ አንጎል ሚዛን ይጠብቃል፣ እንቅስቃሴ ያስተካክላል። ከታች ያለው ግንድ ልብና ትንፋሽን ይዞ ያለ እረፍት ይሠራል። የቀኙ ግማሽ የግራውን አካል ያዝዛል፣ የግራው ደግሞ የቀኙን። (ጉዳያችሁን ቀኝ ቢሮ አስገብታችሁ ግራ ቢሮ የጨረሳችሁ ሁሉ ይገባችኋል...)

«ደግሞ ደጋግመን የምናደርገውን ነገር አንጎል ይለምደዋል፤ ከዚያ በኋላ ሳናስብበት እንሠራዋለን» አለችኝ።

«ጎበዝ!» አልኳት። እውነቱን ልንገራችሁ? አልሰማኋትም።

ሐሳቤ የእህቴ ልጅ በረከት ላይ ነበር። አራት ዓመት ሙሉ የወደዳት ልጅ ሕይወት ትባላለች፤ ወላጆቿ እዚሁ እኔ የምኖርበት የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ናቸው። ያን ቀን ሽማግሌ ሊላክ ነው። እኔም «ሰፈሩን ያውቀዋል፣ አፍም አለው» ተብዬ መሪና ተናጋሪ ሆኜ ተሹሜያለሁ። አባቷ አቶ ታደሰ ዕድሜያቸውን በአውሮፕላን ጥገና ያሳለፉ፣ በሰዓት ቀልድ የማያውቁ ሰው ናቸው። «አራት ሰዓት። ያረፈደ ሽማግሌ አላስቀምጥም» ብለው ልከውብናል። አላስቀምጥም ማለት ደግሞ ልጄን አልሰጥም ማለት ነው። በረከት ከጭንቀቱ የተነሳ ቀበቶው በሁለት ቀዳዳ ጠብቋል።

አብረውኝ የሚሄዱት መምሬ አድማሱና ባለሱቁ ጋሽ ከድር ናቸው። በረከትን ሃያ ሁለት ሰፈር ያሳደጉት የእህቴ ጎረቤቶች ሲሆኑ፣ እኔን ያወቁኝ ለዚሁ ጉዳይ ነው፤ ቤቴንም ሚስቴንም አያውቁም። ለአራት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ከሚኒባስ ወረዱልኝ። ከፌርማታው ወደ ቀኝ የልጅቷ ቤት፣ ወደ ግራ የእኔ ቤት። ከዚህ የቀለለ መንገድ አለ?

እኔ ግን ንግግሬን እያሰላሰልኩ ነበር። ትልቁ አንጎሌ ከነሠራተኞቹ ቃል መረጣ ላይ ተጠምዷል። ታዲያ እግሬን ማን ያዘው? ልማድ! ከሥራ ስመለስ እንደማደርገው ወደ ግራ እጥፍ... ሽማግሌዎቹ እኔን አምነው ከኋላዬ። አራተኛ ፎቅ ድረስ! መምሬ በየደረጃው «አይ ኮንዶሚኒየም!» እያሉ ያለከልካሉ።

አንኳኳሁ። እንደ ወጉ አንገታችንን ደፍተን ቆምን። በሩ ሲከፈትም ቀና አላልኩም።

«እንደምን አደራችሁ። ለትልቅ ጉዳይ ደጃችሁ ቆመናል። የተባረከች ልጃችሁን ለልጃችን እንድትሰጡን...»

«ማህሌትን? ገና የስምንተኛ ክፍል ተማሪዋን?» አለ የሴት ድምፅ።

መምሬ ቀና አሉ። «ስምንተኛ ክፍል! አንተ ሰው፣ ሕፃን ልታስድረን ነው ይሄን ሁሉ ደረጃ ያስወጣኸን?»

«አስተግፊሩላህ! ይሄ እኮ ያሳስራል!» ብለው ጋሽ ከድር ሁለት ደረጃ ወረዱ።

«ኧረ የለም!» አልኩ ድምፁን ስለይ። «ይቺ እኮ ሚስቴ ናት!»

ባላልኩ ኖሮ! «የገዛ ልጅህን ነው እንዴ የምትጠይቀው?» ብለው መምሬ አማተቡ።

ማህሌት ደብተሯን ይዛ ከእናቷ ኋላ ብቅ አለች። «አባዬ፣ ጠዋት ያልኩህ እኮ ይሄንኑ ነው!»

ሮጥን። ሦስት ሽማግሌ ሲሮጥ ያየ ሰፈር ሁሉ ምን ተቃጠለ ብሎ ወጣ። ስንደርስ አራት ከአሥራ ሁለት ሆኗል። አቶ ታደሰ ሰዓታቸውን እያዩ አስገቡን እንጂ ተቀመጡ አላሉንም።

«ለምን አረፈዳችሁ?»

ትልቁ አንጎሌ አሁን መጥቶ ውሸት ማብሰል ጀመረ። «መንገዱ... ትራፊኩ...»

«እውነቱ ይነገር» አሉ ጋሽ ከድር። «መሪያችን ወደ ገዛ ቤቱ ወስዶን የገዛ ልጁን ለመነ።»

የልጅቷ እናት በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ። አቶ ታደሰ ግን አልሳቁም። «ልጁ የእህትዎ ልጅ ነው አይደል?»

«አዎ።»

«ይሄ ነገር... በዘር ይሄዳል?»

ሽማግሌ ሲመጣ ዘር እንደሚቆጠር አውቃለሁ፤ የእግር ጠባይ ሲጠየቅ ግን መስማቴ ነው። የበረከት አራት ዓመት በእኔ ሁለት እግር ሊፈርስ ነው! አፈርኩ፤ ከልቤ አፈርኩ።

በዚህ መሃል እናትየው በመስኮት ወደ ታች እያዩ «ታዴ፣ እስቲ ና» አሉ። ሁላችንም አንገታችንን አወጣን። በረከት! በእንዲህ ያለ ቀን ደጁን እንኳ መርገጥ የሌለበት ልጅ፣ ሙሉ ልብሱን ለብሶ ከታች ተገትሯል።

«አንተ! ማን ጠራህ?» ብለው አቶ ታደሰ ጮኹ።

«ማንም!» አለ በረከት ወደ መስኮቱ አንጋጦ። «ሃያ ሁለት ቁጭ ብዬ ልጠብቅ ነበር... እግሬ ነው ያመጣኝ!»

መምሬ ዓይናቸውን ጨፈኑ። በዘር መሄዱ ተረጋገጠ፤ አለቀልን!

አቶ ታደሰ ልጁን ቁልቁል አዩት። ከዚያ ወደ እኛ ዞሩ።

«ይሄኛው እግር እንኳን ቤቱን አልሳተም» አሉ። «ተቀመጡ።»

ደስታዬን እንዴት ልንገራችሁ! የኮንዶሚኒየም ሳሎን እንደሆነ ሁሉም አንድ ነው፤ እቤቴ እንደማደርገው መስኮቱ ሥር ያለው ሶፋ ላይ ዘፍ ብዬ፣ ጫማዬን አውልቄ፣ እግሬን ዘረጋሁ።

«እሱ» አሉ አቶ ታደሰ፣ «የእኔ ቦታ ነው።»