ደመና የሚያጠፋው የሠርግ ቪዲዮ አንሺ

አንባቢዬ፣ የዳላስን የሠርግ ቪዲዮ አንሺ ያውቁታል? እኔ አውቀዋለሁ፤ ባላውቀው ኖሮ ደሜ እንዲህ ባልፈላ!

የአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካውያን ሠዓሊዎች ተራራና ማዕበል ሲስሉ፣ ሰውን ከሥር ጉንዳን ያሳክሉታል። ለምን? ተመልካቹ በተፈጥሮ ግርማ ደንግጦ ልኩን እንዲያውቅ ነዋ! ሙዚየም ሄጄ ሥዕሎቻቸውን ባየሁ ቁጥር ባርኔጣዬን አወልቃለሁ።

የእህቴ ልጅ የተሞሸረች ዕለት ለፎቶ ፕሮግራም ግሬፕቫይን ሐይቅ ዳር ቆመናል። ከውሃው ማዶ ጥቁር ደመና እንደ ተራራ ተነሣ፤ ጀምበር ከሥሩ ገብታ ወርቅ አለበሰችው። ያ የሙዚየም ሥዕል ነፍስ ዘርቶ ፊቴ ቆመ! ሙሽሮቹና ሚዜዎቹ ግን ጀርባቸውን ሰጥተውታል።

"ኧረ ዞር ብላችሁ እዩ!" ብዬ ጮኽኩ።

"ማንም እንዳይዞር!" አለ ቪዲዮ አንሺው። "ጋሼ፣ አያስቡ፤ ደመናውን ኤዲት ሳደርግ አጠፋዋለሁ። ኦኬ፣ ፈገግ ይበሉልኝ።"

እግዜር የሠራውን ደመና ያጠፋልኛል! ይኼ ድፍረት ነው ወይስ እብደት?

ቪዲዮው ሲደርስ ዘመድ ተሰብስቦ አየን። ደመናው የለም። በቦታው ከኢንተርኔት የለቀመው የእነዚያው ሠዓሊዎች ሥዕል ተለጥፏል፤ በረዶ የለበሰ ተራራ ከነፏፏቴው፣ ሜዳማው ቴክሳስ ላይ! የአንደኛ ሚዜው ጭንቅላት ከተራራው ይበልጣል። እኔ ጥግ ላይ ሰማዩን እየጠቆምኩ እጮኻለሁ፤ ጣቴ ጫፍ ላይ እሱ የለጠፈው ቀይ ልብ ይሽከረከራል።

የሙሽሪት ዓይን እንባ አቀረረ።

"ሲያምር!" አለች። "እዚያው ቆሜ እንዴት ሳላየው ቀረሁ?"